አዲስ አበባ ተጽፎ ረቡዕ ገበያ የሚከፈት ፕሮግራም



ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለጉዳይ ገብቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ፤ ዕድለኛ ነውና እንየው። ይህች መልስ ብዙ ምክንያት ትሸፍናለች። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መንገድ የሚቆፍር ማሽን የፋይበር ገመዱን በጥሶት ሊሆን ይችላል። ዛሬ የማነሣው ግን ከሁሉም ይልቅ ግራ የሚያጋባውን ነው፦ መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩ ዜና ይከፍታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ግን «ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም» ብሎ ቁጭ ይላል። ባለጉዳዩ ተሰልፏል። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ታበራለች። የአይሲቲ ባለሙያው ይጠራል፤ እሱም መጥቶ አጥፍቶ ያበራል።

የዚህ ጣጣ መነሻ ብዙውን ጊዜ በመካከል የቆመ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ያላሰበው አንድ ማሽን ነው፤ ፕሮክሲ። እኛ ፕሮክሲን የኔትወርክ ሰው ጉዳይ አድርገን ትተነዋል። እኔ ግን ፕሮግራም የሚጽፈውና ፕሮግራም የሚገዛው ከመጀመሪያው ቀን ሊያስቡበት ይገባል ባይ ነኝ። ፕሮግራሙ የሚጻፈው አዲስ አበባ፣ ሰርቨሩ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ነው። የሚሠራበት ግን እዚህ ጎጃም፣ አማኑኤል፣ ሉማሜ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለችው ረቡዕ ገበያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የዓባይ በረሃ ብቻ አይደለም፤ በረኛም ቆሟል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ይህችንም ከተማ፣ ደብረ ማርቆስን፣ መናገሻቸው አደረጓት። በዚያ ዘመን ደጅ ሊጠና የመጣ ሰው ዘው ብሎ እልፍኝ አይገባም። እልፍኝ አስከልካዩ ማንነቱን ይጠይቃል፣ ጉዳዩን ይሰማል፣ ገብቶ ይናገራል፣ መልሱን ይዞ ይወጣል። ባለጉዳዩ ንጉሡን ሳያይ ጉዳዩ ያልቃል፤ ንጉሡም የሰሙት የእልፍኝ አስከልካዩን ድምፅ ነው። ፕሮክሲ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ አሁን የምናገርለት ፕሮክሲ የቆመው በንጉሡ በር ሳይሆን በባለጉዳዩ ሰፈር መውጫ ላይ መሆኑ ነው። በንጉሡ በር የሚቆምም አለ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መሥሪያ ቤቶች ይህን በረኛ ያቆሙት ለክፋት አይደለም። አሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት በጠቅላላው ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ ቁጥር ነው ያለው፤ ለአንድ ግቢ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ሺህ ኮምፒውተር በአንድ በር ይወጣል። በሩ ካለ ደግሞ የወጣውን መመዝገብ፣ ያልተፈለገውን መከልከል ይከተላል። በብዙ ግቢ የምታገኙት፣ ስኩዊድ የተባለው የፕሮክሲ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የተወደደው በማስቀመጥ ሥራው ነበር፤ አንዱ ተማሪ የከፈተውን ገጽ ሁለተኛው ሲጠይቅ ባሕር ማዶ ሳይሄድ እዚያው ከግቢው ይሰጠዋል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ስለተመሰጠረ ይህ ጥቅም ሳስቷል። በሩ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ፕሮክሲ በሌለበት፣ እናንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ክላየንቱ ማለቴ ነው፣ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ በቁጥሩ ይደውላል፣ ያወራል። ፕሮክሲ ካለ ወጉ ይለወጣል። ስሙን ወደ ቁጥር መለወጥ የክላየንቱ ሥራ መሆኑ ይቀራል፤ ያንን የሚያደርገው ፕሮክሲው ነው። ክላየንቱ ለፕሮክሲው ይደውልና በግልጽ አንድ መስመር ይልካል፦ «ኮኔክት» የሚል ትእዛዝ፣ የሰርቨሩ ስም፣ የፖርቱ ቁጥር። ፕሮክሲው ፈቃድ መኖሩን አይቶ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይከፍትና «200» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው፤ ከግራ የመጣውን ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ የመጣውን ወደ ግራ ያሳልፋል። የተመሰጠረው ንግግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ፕሮክሲው የሚያውቀው ማን ማንን እንዳነጋገረ፣ መቼና ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። የተባለውን አያውቅም።

ብራውዘሮች ይህን ወግ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያውቁታል። ሴቲንጉን ከኮምፒውተሩ ያነባሉ፤ ስምና የይለፍ ቃል ሲጠየቁ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተማረ ሁሉ የሚያውቃትን ትንሽ ሳጥን ያወጣሉ። ሌላው ፕሮግራም ግን ብራውዘር አይደለም። በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የተሞላውን የፕሮክሲ ሴቲንግ እንዲያነብ ካልታዘዘ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በኖድ የተጻፈውም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበር። እንደ ከርል ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ የሚያነቡት ሌላ ቦታ፣ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ውስጥ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ አንዱ ፕሮክሲ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ አንዱ ቦታ ከተረሳ አንዱ ፕሮግራም ሥራ ያቆማል። «ብራውዘሩ እኮ ይሠራል!» የምንለው ነገር ብራውዘሩ እንደሚሠራ እንጂ ሌላ ምንም አያስረዳም።

የይለፍ ቃሉ ነገር ይብሳል። ፕሮክሲው «አንተ ማን ነህ?» ሲል የሚመልሰው ቁጥር 407 ነው። ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰርቨሩ ሲሆን ግን ቁጥሩ 401 ነው። ስንቱ ፕሮግራም ሁለቱን በአንድ ጠቅልሎ «የይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል» ብሎ ያወጣል! ሠራተኛዋም ያልተሳሳተ የይለፍ ቃሏን ለማስቀየር ዞን ትደውላለች፤ ዞን ይቀይርላታል፤ አሁንም አይገባላትም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ደግሞ ጃቫ በአንድ ማሻሻያው፣ በፕሮክሲ በኩል ወደተመሰጠረ ሰርቨር ሲኬድ ስምና የይለፍ ቃልን እንዲሁ በግልጽ ለፕሮክሲው መስጠትን ከለከለ፤ የፈለገ ራሱ ሴቲንጉን ከፍቶ ይፍቀድ አለ። ለደኅንነት ሲባል ነው፤ ልክም ነው። ይሁንና ትናንት ሲሠራ የዋለው ፕሮግራም አፕዴት ከተደረገ በኋላ 407 ሲቆጥር ያድራል፤ ለውጡን ያልሰማ ባለሙያም ምንም ያልሆነውን ሰርቨር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል።

ስለ ፖርት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከስኩዊድ ጋር አብሮ የሚመጣው ደንብ «ኮኔክት»ን የሚፈቅደው ወደ 443 ብቻ ነው። በየቢሯችን የለመድነው የድሮ ፕሮግራም ግን ከጠረጴዛው ተነሥቶ በቀጥታ ዳታቤዙን በ1433 ያንኳኳል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ ይሠራል። ከወረዳ ወደ ክልል ሲሆን በሩ ላይ ይቀራል። ደግሞም ይቅር! የዳታቤዝን በር ለመንገደኛው ሁሉ ከመክፈት እዚያው መከልከሉ ይሻላል። እዚህ ላይ ፕሮክሲው ውለታ ውሎልናል፤ ሊወቀስ የሚገባው ፕሮግራሙ ነው።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ላንሣ፤ የጤናውን። ጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥርዓቱን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዲኤችአይኤስ2 አዙሯል። በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ያውቃል። ጤና ጣቢያው ያስገባው ቁጥር በወረዳ፣ በዞንና በክልል እየተደመረ ሚኒስቴሩ ዘንድ ይታያል። ከዚህም በታች ቀበሌ ወርዶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ መዝገብ ወደ ታብሌት የማስገባት ሥራ ተጀምሯል። እዚህ ላይ «ክላየንት» የሚለው ቃል የቢሮ ኮምፒውተር መሆኑ ይቀራል፤ ጭቃና ዝናብ ውስጥ በሴት ልጅ ቦርሳ የሚዞር ዕቃ ነው።

ሠራተኛዋ ከጮቄ ሥር ቤት ለቤት ስትዞር ኔትወርክ የለም። ታብሌቱ ግን ሥራ አያቆምም፤ የጻፈችውን ራሱ ዘንድ ያስቀምጣል፣ መስመር ሲያገኝ ሲንክ ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ የጻፉት ሰዎች አስበውበታል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ወረዳ ከተማ ገብታ የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ስታገኝ ነው። ዋይፋዩ በፕሮክሲ የሚወጣ ከሆነ የፕሮክሲውን አድራሻ ታብሌቱ ላይ መሙላት አለባት። ብትሞላም አንድሮይድ ራሱ እዚያው ሴቲንጉ ላይ ያስጠነቅቃታል፤ ይህን ፕሮክሲ ብራውዘሩ ይጠቀምበታል፣ ሌሎች አፕሊኬሽኖች ግን ላይጠቀሙበት ይችላሉ ይላል። አምራቹ በራሱ አፍ የነገራችሁን ነገር ነው። ስለዚህ አፕሊኬሽኑን የጻፈው ሰው ፕሮክሲን አውቆ ካላስገባ፣ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ የሳምንት ሥራ ታብሌቱ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። እሷ ግን ልኬዋለሁ ብላ ታምናለች።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በግማሽ የተላከው ነው። መዝገቡ ከታብሌቱ ወጣ፣ በንጉሡ በር፣ ማለትም በሰርቨሩ በኩል የቆመው ፕሮክሲ ለሰርቨሩ አሳለፈው፣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ዘገየ፣ ፕሮክሲው መጠበቁ ሰለቸውና «504» ብሎ መለሰ። ይህ ቁጥር ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚሳሳትበት ነው፤ «አልተላከም» ብሎ ያነበዋል። 504 ማለት ግን በረኛው መልስ ሳይሰማ ተመለሰ ማለት ነው እንጂ ጉዳዩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ዘግይቶም ቢሆን መዝግቦት ይሆናል። ታብሌቱ ዳግመኛ ሲልክ አንድ የተከተበ ሕፃን ሁለት ይሆናል። ነገሩ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ዝውውር ቢሆን ደግሞ አንድ ክፍያ ሁለቴ ወጣ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ፕሮክሲው ዘንድ የለም። መዝገቡ ገና ታብሌቱ ላይ ሲወለድ መለያ ይሰጠው፤ አሥር ጊዜ ቢላክ ሰርቨሩ በመለያው አውቆ አንዴ ይቁጠረው። ዲኤችአይኤስ2 ለእያንዳንዱ መዝገብ የሚሰጠው 11 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ ለዚህ ያገለግላል፤ የአንድሮይዱ አፕሊኬሽንም ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ያንን መለያ እዚያው ማውጣት ይችላል። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ስትጽፉ የመዝገቡን ቁጥር ዳታቤዙ በተራ እንዲያወጣ ታደርጋላችሁ፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ። በመካከል ፕሮክሲ ያለበት፣ መስመሩ የሚቆራረጥበት አገር ውስጥ እንደዚያ አታድርጉ።

አሁን በንጉሡ በር ወደሚቆመው ልመለስ። በሰርቨሩ በኩል የሚቆመው ፕሮክሲ ብዙውን ጊዜ ኢንጂን ኤክስ ነው፤ ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው። ዲኤችአይኤስ2 ሲተከልም ከፊቱ እንዲህ ያለ ፕሮክሲ እንዲቆም የራሱ መመሪያ ይመክራል፤ ምስጠራውን እሱ ይይዛል፣ የሚመጣውን ጉዳይ ለሰርቨሮቹ ያካፍላል። እንግዲህ ከረቡዕ ገበያ የተነሣ አንድ ጥያቄ ሁለት በረኛ ያልፋል ማለት ነው። ሁለተኛው በረኛ ግን የሚያየው የመጀመሪያውን በረኛ ፊት ነው፤ ከኋላው ስንት ሰው እንደተሰለፈ አያይም።

ይህ ምን ያመጣል? የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን አስቡ። በአንድ ግቢ ፕሮክሲ የሚወጡ ተማሪዎች ሁሉ ለሰርቨሩ አንድ አድራሻ ናቸው። ሰርቨሩ «ከአንድ አድራሻ በደቂቃ ከዚህ በላይ ጥያቄ ከመጣ አጥቂ ነው» ተብሎ ከተሞላ፣ በደኅና ቀን የማይታወቅ ደንብ በዚያ ቀን ሙሉ ግቢውን ይቆልፋል። ልጆቹ ደግሞ ሲዘገይባቸው ደጋግመው ይጫናሉ፤ ቁልፉም ይበልጥ ይጠብቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ ፈተናውን ራሱን በኦንላይን መውሰድ ስለጀመሩ ነገሩ ከውጤት ማየትም አልፏል። ገደቡ በአድራሻ ሳይሆን በተፈታኙ መለያ ይሁን። ፕሮክሲው የመጀመሪያውን አድራሻ ለሰርቨሩ ጽፎ የሚያስተላልፍበት መንገድም አለ፤ ግን ያንን ጽሑፍ ማንም አስመስሎ ሊጽፈው ስለሚችል የምታምኑት ከምታውቁት ፕሮክሲ ሲመጣ ብቻ ነው።

ስለ ርቀት ጥቂት ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ ሲዘረጋ ብዙ ወረዳ የተገናኘው በሳተላይት ሳህን ነበር። ሳተላይቱ የቆመው 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የብርሃን ፍጥነት ያለው መልእክት እንኳ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልስ ሲደመር ግማሽ ሴኮንድ ያህል። አሁን ቁጠሩ፦ ለ«ኮኔክት» አንድ ምልልስ፣ በቀድሞው አሠራር ለምስጠራው ሁለት፣ ለጥያቄው አንድ። የመጀመሪያዋ ፊደል ሳትመጣ ሁለት ሴኮንድ ያህል ሄደ። ፎርሙን ለመክፈት 40 ጊዜ በተራ አዲስ መስመር የሚከፍት ፕሮግራም ቢሆን ሠራተኛዋን ከአንድ ደቂቃ በላይ ያስጠብቃታል፤ ያው ፕሮግራም አዲስ አበባ ሲሞከር በቅጽበት ተከፍቷል። አንዴ የተከፈተውን መስመር ይዞ መቆየት ይህን ወጪ ያስቀራል። ፕሮክሲዎች ዝም ያለ መስመርን ይዘጋሉና፣ ክላየንቱ በየጊዜው ትንሽ ምልክት እየላከ «አለሁ» ይበል። ዛሬ ፋይበሩና የሞባይል ኔትወርኩ ብዙ ቦታ ደርሷል፤ ወረዳ ላይ ጊዜው የሚቆጠረው ግን አሁንም በምልልስ ብዛት ነው።

መስመሩ ፈጽሞ ሲጠፋስ? በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የትኛውም ፕሮክሲ ሊመልሰው አይችልም ነበር። በሩ ቢከፈትም መንገዱ የለም። ያን ጊዜ ሥራ ያላቆመ ፕሮግራም ቢኖር ሥራውን ራሱ ዘንድ ይዞ ቀን መጠበቅን የሚያውቅ ብቻ ነው። ይህም አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ በሰዓቱ ስልክ ይደወላል፣ የተጠራቀመው በአንዴ ይሄዳል፣ የመጣው ይወሰዳል፣ ስልኩ ይዘጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌት የሚሠራው ከዚህ ብዙም በማይለይ መንገድ ነው።

በተማሪው ዘንድ «ፕሮክሲ» ሲባል ሌላ ነገር እንደሚታሰብ አውቃለሁ። በየካቲት 2015 ማኅበራዊ ሚዲያ ሲታገድ ስልካችሁ ላይ የጫናችሁትን ማለቴ ነው። አልፈርድም። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ያ በረኛም በረኛ ነው። ማን ማንን እንዳነጋገረ ያያል፤ ያልተመሰጠረውን ያነባል። የግቢያችሁን በረኛ ስሙንና ቢሮውን ታውቃላችሁ። የነጻውን ግን ማን እንደሚከፍለው አታውቁም።

የራሳችን በረኛም ቢሆን ልቅ መሆን የለበትም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ሰርተፊኬት በየኮምፒውተሩ ጭኖ የተመሰጠረውን ንግግር ፕሮክሲው ላይ ይፈታል፣ ያነባል፣ እንደገና አሽጎ ያሳልፋል። ቫይረስ ለመያዝ ነው ይባላል። የበሽተኛን መዝገብና የባንክ ሒሳብን በዚህ መንገድ ማሳለፍ ግን አይገባም፤ ከዝርዝሩ ይውጡ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ፕሮክሲው የሚጽፈው ሎግም ቢሆን የሰው ስምና ሰዓት የያዘ መዝገብ ነው፤ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይወሰን።

የምጠይቃችሁ ከግዢ ክፍሉ ጋር የሚያያዝ ነው። የየመሥሪያ ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቻችሁ ፕሮግራም አትጽፉም፤ የተጻፈ ትረከባላችሁ። ርክክቡም የሚፈጸመው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት አዳራሽ፣ በፕሮጀክተር ነው፤ ሁሉም ያጨበጭባል። በሚቀጥለው ውል ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ የመጨረሻው ሙከራ ረቡዕ ገበያ ወይም እንደሷ ያለ ቦታ ይደረግ፤ የይለፍ ቃል በሚጠይቅ ፕሮክሲ በኩል፤ መዝገብ እየተላከ ሳለ ገመዱ ይነቀል፣ ይመለስ፣ ዳግም ይላክ፤ ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ስንት ሕፃን እንደተመዘገበ ይቆጠር። ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።